የጠራው ውሃና የዛገው ውሃ፦ ከአቃቂ ወዲያ የአንድ ጉድጓድ ጉዳይ

ጉዳዩ ባጭሩ

አንድ የመኖሪያ ቤት ማኅበር ብዙ ገንዘብ አውጥቶ ጥልቅ ጉድጓድ አስቆፈረ። ውሃው ከቧንቧ ሲወጣ ጥርት ያለ ነው። ሮቶ ውስጥ ካደረ ግን ዝገት ይሆናል። ነዋሪው ተማረረና ከአጥር ማዶ ካለ የእጅ ጉድጓድ መቅዳት ጀመረ። ያኛው ውሃ ክረምት ከበጋ ኩልል ያለ ነው። ሁለቱም በደንብ ሲመረመሩ ለጤና የሚያሰጋው የጠራው ሆኖ ተገኘ።

ጉዳዩን መጻፍ የፈለግኩት በአዲስ አበባ ዳርቻ ተመሳሳይ ነገር ስለሚደጋገም ነው። ማኅበሩም፣ ትምህርት ቤቱም፣ ፋብሪካውም በየፊናው ይቆፍራል። ውሃው ሲበላሽበት ወይ ቆፋሪውን ይከሳል፣ ወይ ማጣሪያ ሻጭ ይጠራል። ከስር ያለው ድንጋይ ምን እንደሆነ የሚጠይቅ ጥቂት ነው። የሰዎቹንም የድርጅቶቹንም ስም ትቻለሁ።

ቦታውና ሰዎቹ

ሰፈሩ ከአቃቂ ወደ ቱሉ ዲምቱ አቅጣጫ፣ ድሮ እርሻ በነበረ ሜዳ ላይ ነው። ግማሹ ቤት አልቆ ሰው ገብቶበታል። ግማሹ ገና ኮለን ላይ ነው። በክረምት ዋልካው ጫማ ይነጥቃል፤ በበጋ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ይከፍታል። የውስጥ መንገዱ ሬድ አሽ ፈሶበታል። የከተማው ውሃ በፈረቃ ይመጣል፤ አንዳንዴ ፈረቃውም ይዘለላል።

የማኅበሩ ገንዘብ ያዥ ጡረታ የወጡ መምህርት ናቸው። እያንዳንዱን ደረሰኝና ሪፖርት በፕላስቲክ አድርገው በክላሰር ይዘዋል። ይህ ልማዳቸው በኋላ በጣም ጠቀመን። ፓምፑን የሚያበራውና የሚያጠፋው የግቢው ጥበቃ ነው። ከዋናው በር አጠገብ ደግሞ ሸራ ወጥራ ሻይ የምትሸጥ ሴት አለች። ችግሩን ከሁሉ ቀድማ ያወቀችው እሷ ናት።

ከእግር በታች ያለው

አዲስ አበባ የተቀመጠችው እሳተ ገሞራ በተፋው ድንጋይ ላይ ነው። በሰሜን እንጦጦ ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍ ይላል። በምዕራብ ወጨጫ፣ በደቡብ ምዕራብ ፉሪ፣ በምሥራቅ የረር አሉ። ሦስቱም የድሮ እሳተ ገሞራዎች ናቸው። ወደ አቃቂ ሲወረድ መሬቱ ወደ 2,100 ሜትር ገደማ ዝቅ ይላል፤ ከዚያ ወዲያ ወደ ስምጥ ሸለቆው ነው። በከፍታው ላይ ከሚዘንበው ከፊሉ ወደ መሬት ይሰርግና ተዳፋቱን ተከትሎ ከስር ወደ ደቡብ ይጓዛል። ለከተማዋ ውሃ የሚሰጡ ጥልቅ ጉድጓዶች በአቃቂ ዙሪያ የበዙት በዚህ ምክንያት ነው። እዚያ ያለው ስኮሪያና ቀዳዳ የበዛበት ጥቁር ድንጋይ ውሃ ይይዛል፣ ያሳልፋልም። ስኮሪያ የሚባለው መንገድ ላይ የምናፈሰው ያው ሬድ አሽ ነው።

ይህ ሁሉ ድንጋይ በአንድ ጊዜ የወረደ አይደለም። አንዱ ላቫ ፈሶ ይቀዘቅዛል። ቀጣዩ እስኪመጣ ረጅም ዘመን ያልፋል። በመሃል አፈር ይፈጠራል፣ ሣር ይበቅላል፣ ዝቅ ያለው ቦታ ረግረግ ወይም ሐይቅ ይሆናል። ከዚያ ሌላ ላቫ መጥቶ ይሸፍነዋል። ስለዚህ ቆፋሪው ወደ ታች ሲወርድ ጥቁር ድንጋይ፣ ቀይ ሸክላ፣ እንደገና ጥቁር ድንጋይ፣ ከዚያ ግራጫ ጭቃ እያገኘ ይሄዳል። የዚህ ጉድጓድ ሎግም (ቆፋሪው በየጥልቀቱ ያገኘውን የጻፈበት መዝገብ) ይህንኑ ነው የሚያሳየው።

አሁን ውሃው ወደ ድንጋዩ ሲገባ የሚሆነውን እንይ። ዝናብ ከአየር ትንሽ፣ ከአፈር ውስጥ ደግሞ ብዙ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይይዛል። ደካማ አሲድ ይሆናል። ይህ አሲድ ጥቁሩን ድንጋይ ቀስ እያለ ይበላዋል። ካልሲየም፣ ማግኒዚየም፣ ሶዲየምና ሲሊካ ወደ ውሃው ይገባሉ። ያልሟሟው ተርፎ ሸክላ ይሆናል። ያ ጫማ የሚነጥቀው ዋልካ ራሱ ከእንዲህ ዓይነቱ ድንጋይ የተረፈ ነው።

ውሃው ከድንጋዩ ጋር በቆየ ቁጥር ጠባዩ ይለወጣል። ገና ከከፍታው የሰረገው ካልሲየምና ማግኒዚየም ያይልበታል። በጥልቀት የሰነበተው ሶዲየም እየበዛበት ይሄዳል። መሃል ከተማ ያለው ፍልውሃ የዚህ መንገድ ጫፍ ነው። በስንጥቅ ወደ ጥልቁ ወርዶ፣ እዚያ ግሎ፣ ብዙ ሶዲየምና ባይካርቦኔት ተሸክሞ በስንጥቅ ተመልሶ የወጣ ውሃ ነው። አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ስትቆረቆር ሰው መጀመሪያ የሰፈረው በዚያው አካባቢ ነበር።

ለእኛ ጉዳይ ዋናው ብረት ነው። ጥቁር ድንጋይ ከክብደቱ አንድ አሥረኛ ገደማው የብረት ኦክሳይድ ነው። አየር ባለበት ቦታ ብረቱ ዝገት ሆኖ እዚያው ይቀራል። ቀይ አፈር ቀይ የሆነው በዚህ ነው። አየር በሌለበት ግን ብረቱ ውሃው ውስጥ ይሟሟል፤ ሲሟሟ ደግሞ ቀለም የለውም። በብርጭቆ ቢያዩት ከዝናብ ውሃ አይለዩትም። ማንጋኒዝ የሚባለው የብረት የቅርብ ዘመድም እንዲሁ ያደርጋል።

ችግሩ እንዴት ታየ

ጉድጓዱ ከ200 ሜትር በላይ ጥልቀት አለው። ሲመረቅ በጭብጨባ ተጠጣ። ብዙም ሳይቆይ ነጭ ነጠላ ታጥቦ ቢጫ ሆኖ መውጣት ጀመረ። የሽንት ቤት መቀመጫ ላይ ቡናማ መስመር ወረደ። የሮቶው ወለል በቀይ ጭቃ ተሞላ። የልብስ ማጠቢያ ማሽን ያላቸው ሰዎች ማጣሪያው ላይ ጥቁር ብናኝ አገኙ።

የሻይ ሻጯ ቅሬታ ግን ከዚህ ሁሉ ይቀድማል። እኔ ስደርስ አንድ ብርጭቆ ቀድታ አሳየችኝ።

«ኢንጂነር፣ እስቲ ይሄን ይዩልኝ። ቅጠል ቀንሼም ያው ነው። ደንበኛው ‹ቀለም ነው እንዴ የምትሸጪልን› ይለኛል።»

እውነቷን ነው። ሻዩ መቅላት ሲገባው ወደ ግራጫ ያደላ ጥቁር ሆኗል። ላዩ ላይ ስስ ቆዳ ተንሳፍፏል፤ ብርጭቆውን ሲያዘነብሉት ቆዳው ተሰነጣጥቆ ጠርዙ ላይ ይለጠፋል። ግማሽ ሎሚ ጨመቀችበት። ቀለሙ ወዲያው ተገለጠና ሻይ መሰለ። ደንበኛ ላለማጣት ብላ በራሷ የደረሰችበት ዘዴ ነው፤ የሎሚው ወጪ ግን ትርፏን በላው።

ምክንያቱ ይታወቃል። የሻይ ቅጠል ታኒን አለው። ታኒን ከብረት ጋር ሲገናኝ ጥቁር ውህድ ይሠራል። በብዙ አገር የጽሕፈት ቀለም ድሮ የሚሠራው ከዚሁ ነበር፤ የደንበኞቿ ተረብ ሳያውቁት ኬሚስትሪ ሆኖላቸዋል። አሲድ ሲጨመር ውህዱ ይፈርሳል። ውሃው ብረት እንዳለበት ላቦራቶሪ ሳይሄዱ የሚያሳይ ከዚህ የተሻለ ምልክት አላውቅም።

መጀመሪያ የተሞከሩት

የመጀመሪያው ጥርጣሬ ቧንቧው ላይ ወደቀ። «ዝጓል» ተባለ። ጋልቫናይዝዱ ተነቅሎ በፕላስቲክ ተተካ። ለውጥ አልመጣም። ዝገቱ ከድንጋዩ የመጣ እንጂ ከቧንቧው አልነበረም። ደረሰኙ ገንዘብ ያዧ ክላሰር ውስጥ አለ፤ ሲያሳዩኝ ፊታቸውን አየሁ።

ቀጥሎ አንድ ሰው በረኪና ይጨመር አለ። ጥበቃው ሮቶው ውስጥ ጨመረ። ውሃው እዚያው ቀላ፤ ሰውም ደነገጠ። በረኪናው ውስጥ ያለው ክሎሪን ብረትን ከአየር በፈጠነ መንገድ ያዝገዋል። አንድ ሚሊግራም የተሟሟ ብረት ከ0.6 ሚሊግራም በላይ ክሎሪን ይበላል። ስለዚህ ጀርም ሊገድል የገባው ክሎሪን ብረቱ ላይ አለቀ። ውሃው ከመቅላቱም ሌላ ሳይታከም ቀረ።

ከዚያ ማጣሪያ ሻጭ መጣ። የጭቃ ማጣሪያ ካርትሪጅ ሸጠና ከፓምፑ አጠገብ፣ ከሮቶው በፊት ገጠመው። እዚያ ቦታ ላይ ብረቱ ገና ሟሟ ነው። ስኳር ውሃ ውስጥ ከሟሟ በጨርቅ አይጠለልም፤ ይህም እንደዚያው ነው። ካርትሪጁ ንጹሕ ሆኖ ሰነበተ፤ ሮቶው መቅላቱን ቀጠለ። ሻጩ ካርትሪጁ ንጹሕ መሆኑን ውሃው ንጹሕ ለመሆኑ ማስረጃ አድርጎ አቀረበ። ይህን ክርክር በቦታው ሆኜ ብሰማው ደስ ይለኝ ነበር።

የላቦራቶሪ ምርመራም ተደርጎ ነበር፤ ብዙ ያሳሳተው እሱ ነው። አንድ ሰው ባዶ የሃይላንድ ጠርሙስ ሞልቶ መኪናው ውስጥ አስቀመጠ። ሲመቸው ወሰደው። በዚያ መሃል ብረቱ ከአየር ጋር ተገናኝቶ ዝጎ ታች ዘቅጧል። ላቦራቶሪው ከላይ ያለውን የጠራውን ውሃ መረመረና «ብረት በመመሪያው ልክ ነው» ብሎ ጻፈ። በተሰጠው ናሙና ልክ ትክክል ነው። ማኅበሩ ግን ይህን ወረቀት ይዞ ለወራት «ውሃችን ብረት የለበትም» ሲል ቆየ።

ከጉድጓዱ አፍ ላይ ሲለካ

እንዲህ ያለ ውሃ መለካት ያለበት አየር ሳይነካው፣ እዚያው ጉድጓዱ አፍ ላይ ነው። ፒኤች (የውሃው አሲድነት መለኪያ፤ ሲያንስ አሲድነቱ ይበዛል)፣ የሟሟ ኦክስጅን፣ ሙቀትና የኤሌክትሪክ አስተላላፊነት ውሃው እየፈሰሰ ተለካ። ናሙናው እዚያው በቀጭን ማጣሪያ አለፈ፤ ጠርሙሱ ውስጥ ትንሽ ናይትሪክ አሲድ ተጨመረ። አሲዱ ብረቱ እንዳይዘቅጥ ይይዘዋል። ሌላ ጠርሙስ ያለ አሲድ ተሞላ።

ሁለቱን ጠርሙሶች ለኮሚቴው ስብሰባ አመጣኋቸው። አሲድ ያለበት እንደጠራ ነው። ያለ አሲድ የተቀመጠው ታቹ ቀልቷል። ሊቀመንበሩ ሁለቱን አንስተው በመስኮቱ ብርሃን አስተያዩ። ከዚያ በኋላ ስለ ቧንቧ የተናገረ የለም።

ውጤቱ ሲመጣ የብረቱ መጠን የዓለም ጤና ድርጅት ለጣዕምና ለቀለም ከሚጠቅሰው 0.3 ሚሊግራም በሊትር ብዙ እጥፍ በለጠ። ማንጋኒዝም ከፍ ብሏል። የሟሟ ኦክስጅን የለም ማለት ይቻላል። ናይትሬት፣ ማለትም እንደ ሽንት ቤት ካለ ቆሻሻ ወደ ውሃ የሚገባ የናይትሮጅን ውህድ፣ ግን ትንሽ ተገኘ። ይህ ነገር አልተዋጠልኝም። ምክንያቱን ለማስረዳት አንድ ነገር ልናገር።

ከመሬት በታች የሚኖሩ ረቂቅ ተሕዋስያን የበሰበሰ ዕፅዋትና ሌላ ቆሻሻ ይበላሉ። ለዚህ መጀመሪያ የሚጠቀሙት ኦክስጅንን ነው። እሱ ሲያልቅ ወደ ናይትሬት ይዞራሉ። ናይትሬቱ ሲያልቅ ማንጋኒዝ፣ ከዚያ ብረት። ተራ አላቸው። ብረት በብዛት ሟሙቶ ከታየ ኦክስጅኑም ናይትሬቱም ከዚያ በፊት አልቀዋል ማለት ነው። በላቫዎቹ መሃል ያለው ግራጫ የሐይቅ ጭቃ፣ ከድሮ ዕፅዋት ቅሪት ጋር፣ ይህን ሥራ ሠርቶታል። ታዲያ ናይትሬቱ ከየት መጣ? ከሌላ ውሃ መሆን አለበት።

መልሱን የሰጠን ጥበቃው ነው።

«ኢንጂነር፣ ጠዋት ፓምፑን ስከፍተው የመጀመሪያው ውሃ ራሱ ቀይ ነው። ቆይቶ ነው የሚጠራው። ሌሊት እዚያ ውስጥ የሚሆን ነገር አለ።»

ገንዘብ ያዧ የቁፋሮ ሪፖርቱን ከክላሰር አወጡ። ኬዚንጉ (ጉድጓዱን ከውስጥ የሚይዘው ቧንቧ) በሁለት ቦታ ስክሪን፣ ማለትም ውሃ የሚገባበት ባለ ቀዳዳ ክፍል፣ ተደርጎለታል። አንዱ ታች፣ ስኮሪያው ላይ። ሌላው ላይ፣ ከዋልካው ሥር ባለው የበሰበሰ ድንጋይ። ቆፋሪው ላይኛውን የጨመረው ውሃው እንዲበዛ ነው፤ የተለመደ አሠራር ነው፣ ደንበኛም ደስ ይለዋል። ፓምፑ ሲቆም ግን ከላይ ያለው፣ አየርና ናይትሬት የያዘው ውሃ በጉድጓዱ ውስጥ ወደ ታች ይወርዳል። ብረት ከያዘው የታችኛው ውሃ ጋር ይገናኛል። ዝገቱ እዚያው ጉድጓዱ ውስጥ ይፈጠራል።

ካሜራ ተላከ። የላይኛው ስክሪን ቀዳዳዎች በብርቱካናማ ልጋግ ተደፍነው ታዩ። ብረት የሚያዝጉ ባክቴሪያዎች የሚሠሩት ነው። አንዳንዱ ቀዳዳ ጭራሽ አይታይም። የጉድጓዱ ውሃ ከጊዜ ወደ ጊዜ ለምን እንደቀነሰም በዚህ ተገለጠ።

ከአጥር ማዶ ያለው ጉድጓድ

የእጅ ጉድጓዱ የአንድ አዛውንት ነው። ሰፈሩ ሳይመሠረት የነበሩ፣ ሰው የሚያከብራቸው ሰው ናቸው። ውሃቸውን ማንም ሲቀዳ አይከለክሉም። የሻይ ሻጯም በመጨረሻ ከእሳቸው መቅዳት ጀምራ ነበር፤ ሻይዋም ቀልቶ፣ ደምቆ ይወጣል። ሰው ሁሉ «የተባረከ ውሃ» ይለዋል።

ሻዩ የሚደምቀው ውሃው ውስጥ ብረት ስለሌለ ነው። ብረት የሌለው ኦክስጅንና ናይትሬት ስላለ ነው። ናይትሬቱ ያለው ደግሞ ጉድጓዱ ጥልቀት ስለሌለውና የሽንት ቤት ጉድጓዶች በቅርብ ስላሉ ነው። በጋ ላይ የተሰነጠቀው ዋልካ የመጀመሪያውን ዝናብ ሳያጣራ ቁልቁል ያሳልፈዋል። ምርመራው ናይትሬቱን የዓለም ጤና ድርጅት ከሚያስቀምጠው 50 ሚሊግራም በሊትር በላይ አገኘው። ከሰው ዐይነ ምድር የሚመጡ ባክቴሪያዎችም ተገኙ።

ለአዛውንቱ ይህን መናገር ቀላል አልነበረም።

«ልጄ፣ እኔ ከዚህ ስጠጣ አርጅቻለሁ። ምን ሆንኩ?»

«እርስዎማ ደህና ነዎት አባባ። የምፈራው ለጨቅላ ሕፃን ነው።»

ነገሩ እንዲህ ነው። ብዙ ናይትሬት ያለበት ውሃ በዋነኝነት የሚያሰጋው በጡጦ የሚመገቡ፣ ስድስት ወር ያልሞላቸውን ሕፃናት ነው። ደማቸው ኦክስጅን የመሸከም አቅሙ ይቀንሳል። ማፍላት ባክቴሪያውን ይገድላል፤ ናይትሬቱን ግን ጭራሽ ያጠነክረዋል፣ ውሃው እየተነነ እሱ ስለሚቀር። በሰፈሩ ደግሞ ገና የወለዱ ብዙ ናቸው። አዛውንቱ ካሰቡ በኋላ ራሳቸው ለጎረቤቱ ነገሩ። ጉድጓዱ አሁን ለልብስና ለአትክልት ይቀዳል።

የተሠራው

ሥራው ሁለት ነበር፤ አንዱ ጉድጓዱ ውስጥ፣ ሌላው ላይ።

ጉድጓዱ በብሩሽ፣ በአሲድና በኮምፕረሰር አየር ታጠበ። በላይኛው ስክሪን ፊት ለፊት ጠበብ ያለ ድፍን ቧንቧ ገብቶ ክፍተቱ በሲሚንቶ ተሞላ። የድሮው ፓምፕ በጠባቡ ውስጥ ስለማያልፍ ቀጭን ፓምፕ መግዛት ግድ ሆነ። ማንም ያላሰበው ወጪ ይህ ነበር። የጉድጓዱ አፍ ዙሪያም ጎርፍ እንዳይገባ በኮንክሪት ተዘጋ።

ላይ ደግሞ ውሃው ቀዳዳ ባላቸው ትሪዎች ላይ እንዲንጠባጠብ ተደረገ። ትሪዎቹ ተደራርበዋል፤ ውስጣቸው በደንብ የታጠበ ጠጠር ሬድ አሽ አለ። ውሃው በየቀዳዳው ሲበተን አየር ይገባዋል። እዚህ ከፍታ ላይ የአየሩ ግፊት ቢቀንስም ውሃ ወደ 7 ሚሊግራም በሊትር ኦክስጅን ይይዛል። አንድ ሚሊግራም ብረት ለማዛገት 0.14 ሚሊግራም ብቻ ይበቃል። ስለዚህ የአየር እጥረት የለም። ትሪዎቹ የሚሰጡት ትልቁ ጥቅም ሌላ ነው፤ ካርቦን ዳይኦክሳይዱን ያስወጣሉ፣ ፒኤቹ ከፍ ይላል። ፒኤች በአንድ ሲጨምር ብረቱ የሚዝግበት ፍጥነት ወደ መቶ እጥፍ ያድጋል።

ከትሪዎቹ በኋላ ማዝቀጫ፣ ከዚያ የአሸዋ ማጣሪያ፣ ከዚያ ሮቶ አለ። ክሎሪን የሚጨመረው መጨረሻ ላይ ነው።

የሠራውና ያልሠራው

ብረቱ ወረደ። ጠዋት ይመጣ የነበረው ቀይ ውሃም ቆመ። ናይትሬቱ ከጥልቁ ጉድጓድ ጠፋ። ሻይ ሻጯ ወደ ማኅበሩ ቧንቧ ተመለሰች፤ ሎሚው አሁን ለሚፈልግ ብቻ ሆኗል።

ማንጋኒዝ ግን እምቢ አለ። በአየር ብቻ ቶሎ እንዲዝግ ፒኤቹ ከ9 በላይ መሆን ይፈልጋል፤ ይህ ውሃ እዚያ አይደርስም። ያለው መንገድ አሸዋው በጊዜ ብዛት ጥቁር የማንጋኒዝ ሽፋን እስኪያበጅ መጠበቅ ነው። ሽፋኑ ራሱ አዲስ የሚመጣውን ማንጋኒዝ ይይዛል። ወራት ይፈጃል። ይህ እየተጀመረ ሳለ አንድ ትጉህ ሰው አሸዋው ጠቁሮ ሲያየው ቆሽሿል ብሎ አወጣና እስኪነጣ አጠበው። ሁሉም ከዜሮ ተጀመረ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2021 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የማንጋኒዝን ጊዜያዊ መመሪያ ወደ 0.08 ሚሊግራም በሊትር አውርዶታል፤ በዋናነት ለሕፃናት ተብሎ ነው። ይህ ጉድጓድ ወደዚያ እየተጠጋ ነው፣ ገና አልገባም። ለጡጦ የሚሆን ውሃ እስካሁን ከከተማው መስመር ይቀዳል።

የላይኛው ስክሪን ሲዘጋ የውሃው መጠን መጀመሪያ ቀነሰ። ፓምፑ ረዘም ላለ ሰዓት መሥራት ነበረበት፤ የመብራት ሂሳቡም ጨመረ። ውሃውን ከማዝቀጫው ወደ ላይ የሚገፋ ሁለተኛ ፓምፕም አለ። መብራት ሲጠፋ ሁለቱም ይቆማሉ። ከማጣሪያው የሚታጠበው ቀይ ጭቃ መጀመሪያ ወደ መንገዱ ቦይ ይለቀቅ ነበር። ጎረቤት ጮኸ፣ ልክም ነበር። አሁን የራሱ ማድረቂያ ጉድጓድ አለው።

ፍሎራይድም ተለክቷል። ከ1.5 ሚሊግራም በሊትር በታች ነው። ወደ ስምጥ ሸለቆው በተወረደ ቁጥር ግን ይህን ሳይለኩ ማለፍ አይገባም። ካልሲየም በውሃው ውስጥ ሲበዛ ፍሎራይድን ይዞ ይዘቅጣል። ሶዲየም የበዛበት፣ ካልሲየም ያለቀበት ውሃ ግን የሚይዘው ስለሌለ ፍሎራይዱ ይከማቻል። ትሪም አሸዋም አይነካውም፤ የራሱ ሕክምና ይፈልጋል።

ሌላ ቦታ ለሚቆፍሩ

ላቦራቶሪ ከመሄድ በፊት ሻይ አፍሉበት። ከጠቆረ ብረት አለ። ካልጠቆረ ደግሞ «እሰይ» ከማለት በፊት ናይትሬትና ባክቴሪያ ያስመርምሩ፤ በተለይ ጉድጓዱ ጥልቀት ከሌለውና ሰፈሩ በሽንት ቤት ጉድጓድ የሚጠቀም ከሆነ።

ናሙና ሲወሰድ አሲድ ያለበትና የሌለበት ጠርሙስ ከላቦራቶሪው አስቀድሞ ይጠየቅ። ፒኤችና ኦክስጅን በማግስቱ ቢለኩ ዋጋ የላቸውም፤ ጠርሙስ ውስጥ ሲቆይ ጋዙ ያመልጣል፣ አየር ይገባል።

ከቆፋሪው ጋር በሚፈረመው ውል ላይ የላይኛውና የታችኛው ውሃ እንዳይቀላቀሉ የሚል አንቀጽ ይግባ። የላይኛው ክፍል ድፍን ኬዚንግ ይሁን፣ ዙሪያው በሲሚንቶ ይታሸግ። ውሃው መጀመሪያ ላይ ሊያንስ ይችላል። ያም ሆኖ በኋላ ካሜራ ልኮ፣ ቧንቧ አስገብቶ፣ ፓምፕ ቀይሮ ከማስተካከል ይረክሳል። የቁፋሮ ሎጉ ደግሞ የደንበኛው ንብረት ነው። ክፍያው ከማለቁ በፊት በእጅ ይግባ፤ ገንዘብ ያዧ ባይዙት ኖሮ ስክሪኖቹ የት እንዳሉ ለማወቅ ብዙ እንለፋ ነበር።

የፓምፑ ኦፕሬተር የሚያየውን ይጠየቅ። ጠዋት የመጀመሪያው ውሃ ምን እንደሚመስል ከእሱ በላይ የሚያውቅ የለም።

ሎጉ ላይ በላቫዎቹ መሃል ግራጫ ወይም ጥቁር ጭቃ ከታየ ብረትና ማንጋኒዝ ይመጣሉ ብሎ መጠበቅ ነው። ለትሪውና ለማጣሪያው የሚሆን ቦታ በፕላኑ ላይ ከመጀመሪያው ይተው። ይህ ማኅበር አልተወም ነበርና ትሪዎቹ የቆሙት ለልጆች መጫወቻ በታሰበው መሬት ላይ ነው። ወላጆች ይነሣልን ብለዋል፤ ጉዳዩ ለመጪው ጠቅላላ ጉባኤ ተይዟል።